በመሞከሪያ ቱቦ የበረታ ውህድ አንጎል ውስጥ ለምን አልሠራም?

ጥያቄው እንዲህ ነው። ጠያቂያችን ጂኤስኬ-3 ቤታ የተባለውን ካይኔዝ፣ ማለትም በሌሎች ፕሮቲኖች ላይ ፎስፌት የሚጨምር ኢንዛይም፣ የሚገታ አዲስ ውህድ ሠርተዋል። ኢንዛይሙ ብቻውን በተፈተነበት ሙከራ አይሲ50ው፣ ማለትም የኢንዛይሙን ሥራ በግማሽ የሚቀንሰው ክምችት፣ 8 ናኖሞላር ወጣ፤ ፎስፌቱ የሚመጣበት ኤቲፒ 10 ማይክሮሞላር ነበር፣ የኢንዛይሙ ኬኤምም፣ ማለትም ኢንዛይሙ በግማሽ ፍጥነቱ የሚሠራበት የኤቲፒ ክምችት፣ ያው 10 ነው። 10 በመቶ ሴረም ባለበት የሴል ሙከራ ግን ከአልዛይመር ጋር በተያያዘው የታው ፕሮቲን ላይ ያለውን ፎስፌት በግማሽ ለመቀነስ 1.2 ማይክሮሞላር ፈጀ። ለአይጦች በኪሎ 30 ሚሊግራም በአፍ ተሰጥቶ ከአንድ ሰዓት በኋላ ሲለካ ፕላዝማ ውስጥ 2,000፣ አንጎል ውስጥ 3,000 ናኖሞላር ተገኘ። የደም ስኳር ወረደ፤ የአንጎሉ ታው ግን ንቅንቅ አላለም። የውህዱ ሎግ ዲ፣ ማለትም የስብ ወዳድነቱ መለኪያ፣ 4.2 ነው፤ ፕላዝማ ውስጥ ከፕሮቲን ጋር ያልተጣበቀው ድርሻ 5 በመቶ ነው። ጠያቂው ሦስት ነገር ይጠይቃሉ፦ ዶዙን ወደ 100 ላሳድገው? ወደ አንጎል ይበልጥ እንዲገባ ስብ ወዳድነቱን ልጨምር? አንዱን ውህድ ለስኳር በሽታም ለአልዛይመርም ላራምደው?

ለሦስቱም መልሴ አይሆንም ነው። ምክንያቱ እርስዎ በሰጧቸው ቁጥሮች ውስጥ አለ፤ ደረጃ በደረጃ እናስላው።

ከ8 ናኖሞላር እንጀምር። ውህዱ ከኤቲፒ ጋር ለአንድ ቦታ የሚሻማ ከሆነ፣ አይሲ50 ቱቦው ውስጥ ስንት ኤቲፒ እንደገባ ተከትሎ ከፍና ዝቅ ይላል። ኬአይን፣ ማለትም በኤቲፒው መጠን የማይለወጠውን የውህዱን ጉልበት፣ ለማግኘት የኤቲፒውን ክምችት ለኬኤም ያካፍሉ፣ አንድ ይደምሩበት፣ ከዚያ አይሲ50ን ለውጤቱ ያካፍሉ። 10 ለ10 ሲካፈል 1፣ ሲደመር 2፤ ስለዚህ ኬአይ 4 ናኖሞላር ነው። ሴል ውስጥ ያለው ኤቲፒ ግን ከ1 እስከ 5 ሚሊሞላር ይደርሳል። 2 ሚሊሞላርን ብንወስድ፣ 2,000 ለ10 ሲካፈል 200 ነው፤ አንድ ሲደመር 201፤ በ4 ሲባዛ 804 ናኖሞላር። በቱቦ 8 የነበረው ውህድ ሴል ውስጥ 800 አካባቢ እንደሚፈልግ ሴሉን ሳይነኩ ማወቅ ይቻል ነበር ማለት ነው።

ስለዚህ ሙከራውን በ2 ሚሊሞላር ኤቲፒ ይድገሙት። አራት ነገር ይጠንቀቁ። ኤቲፒ ማግኒዥየምን ስለሚይዝ ማግኒዥየሙን ወደ 10 ሚሊሞላር ከፍ ያድርጉ። የቀረውን ኤቲፒ በመለካት የሚሠራ ኪት በዚህ ክምችት ላይ አያገለግልም፤ ከ2 ሚሊሞላር ላይ ጥቂት ቢጎድል አይታይምና፣ ፎስፌት የተጨመረበትን ፔፕታይድ (አጭር የፕሮቲን ቁራጭ) በቀጥታ የሚለካ ዘዴ ይጠቀሙ። ፔፕታይዱም አስቀድሞ ፎስፌት የተደረገበት ይሁን፤ ጂኤስኬ-3 አብዛኞቹን ዒላማዎቹን የሚያውቀው ከመነካት ቦታው አራት አሚኖ አሲድ ወደ ካርቦክሲል ጫፍ ርቆ ፎስፌት ሲያገኝ ነው። ኢንዛይሙም ትንሽ ይሁን፤ አይሲ50 ከኢንዛይሙ ክምችት ግማሽ በታች ሊወርድ አይችልም፣ 10 ናኖሞላር ኢንዛይም ላይ ተሠርቶ 5 ናኖሞላር የሚል ውጤት የውህዱን ሳይሆን የኢንዛይሙን ቁጥር እየነገረዎት ሊሆን ይችላል።

ሎግ ዲ 4.2 የሆነ ውህድ ሌላም ጠባይ አለው፤ ውሃ ውስጥ ሲገባ እርስ በርሱ ተጣብቆ ጥቃቅን ጓሎች ይሠራል፣ እነዚህም ኢንዛይሙን ወደ ራሳቸው ስበው ሥራ ያስፈቱታል። ሙከራውን ጓሎቹን የሚበትነውን ሳሙና መሰል ትራይተን ኤክስ-100 0.01 በመቶ ጨምረው ይድገሙ። ጉልበቱ በብዙ እጥፍ ከወደቀ ሲመለከቱት የነበረው እውነተኛ መግታት አልነበረም። የመግታቱ መስመር ከተለመደው በላይ ቀጥ ብሎ ከወረደም፣ ማለትም የሂል ቁጥሩ ከ1.5 ካለፈ፣ ተጠራጠሩት።

አሁን ወደ ሴሉ። 1.2 ማይክሮሞላር ወደ ሴል ማሳደጊያው ፈሳሽ የጨመሩት ጠቅላላ መጠን ነው፤ ሴሉ የሚያየው ግን ያልተጣበቀውን ብቻ ነው። በሙሉ ፕላዝማ ነጻው 5 በመቶ ከሆነ፣ የተጣበቀው ለነጻው 19 እጥፍ ነው። ሴረሙ አሥር ጊዜ ሲቀጥን 19ኙ ወደ 1.9 ይወርዳል፤ ነጻው ድርሻ 1 ለ2.9፣ ማለትም 34.5 በመቶ ይሆናል። የ1.2 ማይክሮሞላር 34.5 በመቶ ወደ 414 ናኖሞላር ነው። የጥጃ ሴረምና የአይጥ ፕላዝማ አንድ ስላልሆኑ ይህ ግምት ነው፤ በራሱ በማሳደጊያው ላይ ቢለካ የተሻለ ነው። ቢሆንም ከኤቲፒው ስሌት የወጣው 804 እና ከሴሉ የወጣው 414 በሁለት እጥፍ ብቻ ይለያያሉ፣ ይህ በዚህ ሥራ ጥሩ ስምምነት ነው። ከዚህ በኋላ የውህድዎ ጉልበት 400 ናኖሞላር ነጻ ክምችት ነው ብለው ያስቡ። 8 የሚለውን ይርሱት።

ዋናው ጉዳይ አንጎሉ ነው። አንጎል ውስጥ ከፕላዝማ አንድ ተኩል እጥፍ ተገኘ ማለት ውህዱ በደንብ ገባ የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው፤ በዚህ ስሕተት ዓመታት የባከነባቸው ፕሮጀክቶች ጥቂት አይደሉም። አንጎል በስብ የበለጸገ ሕብረ ሕዋስ ነው። ስብ ወዳድ ውህድ ገብቶ በሽፋኖቹ ላይ ይጣበቃል፤ አንጎሉ ተፈጭቶ ሲለካ ያ ሁሉ ይቆጠራል። ካይኔዙ ጋር የሚደርሰው ግን በውሃው ክፍል ውስጥ በነጻ የሚንሳፈፈው ብቻ ነው።

በእርስዎ ውህድ ላይ እናስላው። ፕላዝማ ውስጥ የ2,000 አምስት በመቶ 100 ናኖሞላር ነጻ ነው። አንጎል ውስጥ ያለውን ነጻ ድርሻ አልለኩም፤ በዚህ ሎግ ዲ 0.5 በመቶ የተለመደ ስለሆነ እስኪለካ ድረስ እሱን እንያዝ። የ3,000 ግማሽ በመቶ 15 ናኖሞላር ነው። ነጻው የአንጎል ክምችት ለነጻው የፕላዝማ ክምችት ሲካፈል 0.15። ይህ ቁጥር ወደ 1 ሲቀርብ ውህዱ ድንበሩን ያለ ከልካይ ይሻገራል፤ ከ0.3 በታች ሲወርድ ብዙ ጊዜ የሚያስወጣው ፓምፕ አለ ማለት ነው። 414 ለሚፈልግ ውህድ 15 ናኖሞላር ሲቀርብለት ከካይኔዙ የሚይዘው 3.5 በመቶውን ብቻ ነው። ታው ንቅንቅ አለማለቱ ሊጠበቅ የሚገባው ውጤት ነበር።

ዶዙን ለመጨመር ያሰቡትም እዚህ ላይ ያልቃል። ግማሹን ካይኔዝ ለመያዝ ብቻ ነጻው ክምችት ከ27 እጥፍ በላይ ማደግ አለበት፤ ያ በኪሎ ከ800 ሚሊግራም በላይ ነው፣ ያውም ክምችቱ ከዶዙ እኩል ያድጋል ብለን። አያድግም፤ እንዲህ ያለ ውህድ አንጀት ውስጥ ሳይሟሟ ያልፋል። በኪሎ 100 ሚሊግራም ሰጥተው ምንም ካላዩ አዲስ ዕውቀት አላገኙም፣ አይጦቹን በከንቱ አጥተዋል።

በአንጎል ያለውን ነጻ ድርሻ መለካት ግን ርካሽና ፈጣን ነው፤ ነገ ሊጀመር ይችላል። ያልታከመ የአይጥ አንጎል ከዘጠኝ እጥፍ ፎስፌት ባፈር ጋር፣ በፒኤች 7.4፣ ይፈጩ። ውህዱን 1 ማይክሮሞላር እንዲሆን ይጨምሩበት። በዲያሊሲስ ሽፋን አንድ ጎን የተፈጨውን፣ በሌላው ጎን ባፈሩን አድርገው በ37 ዲግሪ ሴልሺየስ ለ6 ሰዓት እያወዛወዙ ይተዉት፤ ለእንዲህ ያለ ስብ ወዳድ ውህድ 6 ሰዓት ላይበቃ ስለሚችል በ6፣ በ16 እና በ24 ሰዓት ለክተው ሚዛን መድረሱን ያረጋግጡ። በሁለቱም ጎን የተገኘው ድምር መጀመሪያ ከገባው ከ70 በመቶ ካነሰ ፕላስቲኩ በልቶታል ወይም ውህዱ ፈርሷል፤ ውጤቱን አይጠቀሙበት። ፕላዝማ ሲለኩ ደግሞ ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየወጣ ፒኤቹ ወደ 8 ሊጠጋ ይችላል፣ ቤዝ ለሆኑ ውህዶች ይህ ነጻውን ድርሻ ያዛባል፤ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ባለበት ማሞቂያ ውስጥ ያስቀምጡት።

ከሁሉ በላይ የሚሳሳቱበት ቦታ ማቅጠኑን ማረም ነው። የተፈጨው አንጎል አሥር ጊዜ ስለቀጠነ ያነበቡት ድርሻ ከእውነተኛው በጣም ይበልጣል። ለምሳሌ 4.8 በመቶ አነበቡ እንበል። አንድን ለ0.048 ያካፍሉ፣ 20.83 ነው፤ አንድ ይቀንሱ፣ 19.83፤ የማቅጠኛውን ግልባጭ 0.1ን ይደምሩ፣ 19.93፤ በመጨረሻ 0.1ን ለዚህ ያካፍሉ፣ 0.005። እውነተኛው ነጻ ድርሻ 0.5 በመቶ ነው። ይህን ማረሚያ የዘለለ ሰው ወደ አሥር እጥፍ ተስፋ ሰጪ በሆነ ቁጥር ይታለላል።

ውህድዎ ቤዝ ከሆነ ሴሎቹ አሲዳማ ክፍላቸው ውስጥ ያጠምዱታል፣ ተፈጭቶ የፈረሰ ሕብረ ሕዋስ ደግሞ ይህን አያሳይም፤ በዚያ ጊዜ በሕይወት ያለ ስስ የአንጎል ቁራጭ ይሻላል። አንድ ሰዓት ላይ ብቻ መለካትም አይበቃም። በ0.25፣ 0.5፣ 1፣ 2፣ 4፣ 8 እና 24 ሰዓት፣ በእያንዳንዱ ሦስት አይጥ አድርገው ፕላዝማና አንጎል አብረው ይውሰዱ፤ የአንጎልና የፕላዝማ ውድሩን ከአንድ ነጥብ ሳይሆን በጠቅላላው ጊዜ ከክምችቱ መስመር በታች ካለው ስፋት ያስሉ። መመዘኛ መስመሩን ባዶ የተፈጨ አንጎል ውስጥ ይሥሩት፣ በፕላዝማ የተሠራ መስመር አንጎሉን በትክክል አይመዝንም። በአንጎሉ ውስጥ የቀረው ደም የሚያስጨንቀው ጠቅላላው ውድር ከ0.05 በታች ሲሆን ነው፤ በእርስዎ 1.5 ላይ አያሳስብም።

አሁን ታውን የለኩበትን መንገድ እንመልከት፣ ምክንያቱም የጠፋው ውጤት ከፊሉ እዚያ ሊደበቅ ይችላል። አይጦቹ ለስኳር መለኪያ ሌሊቱን ጾመው፣ ደነዘዙ፣ ከዚያ አንጎላቸው ተወሰደ ብለዋል። በአይጥ ላይ ጾምም ማደንዘዣም የሰውነት ሙቀት ያወርዳሉ። ሙቀት ሲወርድ ፎስፌትን የሚያነሳው ፒፒ2ኤ ኢንዛይም ስለሚዳከም በታው ላይ ያለው ፎስፌት በጥቂት ዲግሪ መቀነስ ብቻ በእጅጉ ይጨምራል። ይህ ጭማሪ መጠነኛ የመድኃኒት ውጤትን ሙሉ በሙሉ ሊሸፍን ይችላል። ከሞት በኋላ ደግሞ በተቃራኒው ፎስፌቱ በደቂቃዎች ውስጥ ይረግፋል፤ አንዱ ቡድን ቀድሞ፣ ሌላው ዘግይቶ ከተነሳ የሚታየው ልዩነት የእጅዎ ፍጥነት ልዩነት ነው። ለታው የሚሆኑ አይጦች የበሉ ይሁኑ፤ የፊንጢጣ ሙቀታቸው ይመዝገብ፣ በማሞቂያ ላይ 37 ዲግሪ አካባቢ ይጠበቅ፤ ማደንዘዣው ካልቀረ ለሁሉም እኩል ደቂቃ ይሁን፤ አንጎሉ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ወጥቶ ፈሳሽ ናይትሮጅን ውስጥ ይግባ፤ ፎስፌቱ እንዳይነሳ ማሟሚያው ላይ ሶዲየም ፍሎራይድና ኦርቶቫናዴት ይኑሩ። የታከመውና ያልታከመው ቡድን ተፈራርቆ ይነሳ።

በታው ላይ ሴሪን 396 በተባለው ቦታ ያለውን ፎስፌት ብቻ አይመኑ። ታውን የሚነካው ጂኤስኬ-3 ብቻ አይደለም፤ ቅርብ ዘመዱ ሲዲኬ5 አለ፣ ብዙ የጂኤስኬ-3 ገቺዎች እሱንም ይነካሉ። ሲአርኤምፒ2 የተባለው ፕሮቲን በትሪዮኒን 514 ላይ ያለው ፎስፌት፣ እንዲሁም የግላይኮጅን ሲንቴዝ ሴሪን 641፣ ለጂኤስኬ-3 የቀረቡ ምልክቶች ናቸው። ሦስቱ አብረው ሲወርዱ ነው ኢንዛይሙ ተያዘ የሚባለው።

የስኳሩ መውረድስ? ከአንጀት የተመጠጠው ውህድ መጀመሪያ በጉበት በር ሥር በኩል ስለሚያልፍ ጉበቱ የሚያየው ክምችት አጠቃላዩ ፕላዝማ ላይ ከለኩት ይበልጣል፤ ስለዚህ እውነተኛ ውጤት ሊሆን ይችላል። ግን የታመመና የማይበላ አይጥም ስኳሩ ይወርዳል። የበሉትን ምግብና ክብደታቸውን በየቀኑ ይመዝኑ፣ የታከሙት የበሉትን ያህል ብቻ የሚሰጣቸው ሌላ ቡድን ያቁሙ፣ ጉበት ውስጥ ያለውን ግላይኮጅንና ሴሪን 641ን ይለኩ። ግላይኮጅኑ ካልጨመረ የስኳሩ መውረድ ከዒላማዎ የመጣ ነው ለማለት ማስረጃ የለዎትም።

ሁለተኛው ጥያቄ፣ ስብ ወዳድነትን ስለመጨመር። ሎግ ዲን ወደ 5 ቢያደርሱት ጠቅላላው የአንጎል ክምችት ምናልባት ያድጋል፤ በዚያው ልክ ነጻው ድርሻ ይወርዳል፣ ጉበቱም በፍጥነት ይሰባብረዋል፣ የልብ ምትን የሚያውከው የሄርግ ፖታሲየም ቻናል ላይ መጣበቁም ይብሳል። መንገዱ በተቃራኒው ነው። ጉልበቱን በሞላር አድርገው በአሉታዊ ሎጋሪዝም ያስቀምጡት፤ 414 ናኖሞላር ማለት 6.4 ነው፣ ከዚያ ሎግ ዲ 4.2 ሲቀነስ 2.2 ይቀራል። ጥሩ ውህድ 5 እና ከዚያ በላይ ይኖረዋል። ግቡን በቁጥር ላስቀምጠው፦ በሴል ነጻው አይሲ50 40 ናኖሞላር፣ ሎግ ዲ 2.4 አካባቢ፣ የነጻ ክምችቶቹ ውድር 0.5። ያኔ የፕላዝማው ነጻ ክምችት ያው 100 ሆኖ አንጎሉ 50 ናኖሞላር ያገኛል፣ 56 በመቶ ገደማው ካይኔዝም ይያዛል፤ በዚያው በኪሎ 30 ሚሊግራም።

ኬሚስቱ ምን ይቀይር? ለአንጎል መድኃኒት የሚመከሩት ወሰኖች ጥሩ መነሻ ናቸው፤ ሞለኪውላዊ ክብደት ከ360 ባይበልጥ፣ ዋልታዊ ስፋቱ ከ40 እስከ 90 ስኩዌር አንግስትሮም፣ ሃይድሮጅን ለጋሽ (እንደ ኤንኤች ያለ ቡድን) ቢበዛ አንድ፣ የቤዝነት መለኪያው ፒኬኤ ከ8 በታች። የሃይድሮጅን ለጋሾች ላይ ብዙ ጊዜ ትልቁ ትርፍ ይገኛል። ኤቲፒ በሚያያዝበት ቦታ ያለውን የካይኔዙን ማጠፊያ የሚይዘውን ኤንኤች አይንኩት፣ ጉልበቱ ያለው እዚያ ነው፤ ሌሎቹን አንድ በአንድ በሜቲል እየተኩ፣ ወይም ከአጠገባቸው ፍሎሪን ወይም ናይትሮጅን አስቀምጠው ለጋሹን በሞለኪውሉ ውስጥ እንዲያስር እያደረጉ ይሞክሩ። ለእያንዳንዱ አዲስ ውህድ የፒ-ግላይኮፕሮቲን ፓምፕ ባለባቸው ኤምዲሲኬ በተባሉ የውሻ ኩላሊት ሴሎች የመውጫና የመግቢያ ውድር ይለካ፤ ከ2 በታች ይፈለጋል። ፓምፑ ምን ያህል እንደሚከለክል የሚያሳየው ሎፐራማይድ ነው፤ የኦፒዮይድ ዘር ሆኖ ሳለ በተለመደው መጠን ለተቅማጥ ብቻ የሚያገለግለው ይህ ፓምፕ ከአንጎል ስለሚያስወጣው ነው። የ0.15ዎ ጥፋት ከፓምፑ መሆኑን ለማረጋገጥ ፓምፖቹ የጠፉባቸውን አይጦች ወይም ፓምፑን የሚገታውን ኤላክሪዳርን ይጠቀሙ፤ ውድሩ ወደ 1 ከተጠጋ ጥፋቱ ተገኝቷል።

ከልክ በላይ መግታትም አደጋ አለው። ጂኤስኬ-3 ቤታ-ካቴኒን እንዲፈርስ ያደርጋል፤ ሲገታ ቤታ-ካቴኒን ይከማቻል፣ ይህም ከካንሰር ጋር የተያያዘ መንገድ ነው። ደግነቱ አልፋና ቤታ የተባሉት ሁለቱ የጂኤስኬ-3 ቅርጾች ካሏቸው አራት የጂን ቅጂዎች ሦስቱ ቢጠፉ እንኳ ቤታ-ካቴኒን አይከማችም፣ አራቱም ሲጠፉ ነው። ስለዚህ ግብዎ 50 በመቶ አካባቢ ይሁን፤ 95 በመቶ የሚገታ ዶዝ ጥሩ ዜና አይደለም። በእያንዳንዱ የአይጥ ሙከራ ላይ ቤታ-ካቴኒንን በአንጎልም በአንጀትም ይለኩ።

ሦስተኛው፣ አንድ ውህድ ለሁለት በሽታ። ሐሳቡ ለምን እንደሚማርክ ይገባኛል፤ ኢንዛይሙ መጀመሪያ የተገኘው ግላይኮጅን ሲንቴዝን ሲነካ ነው፣ ታውንም ይነካል። ነገር ግን ሁለቱ በሽታዎች ከውህዱ የሚፈልጉት ተቃራኒ ነው። ለስኳር በሽታ ጉበትና ጡንቻ ላይ የሚሠራ፣ ከአንጎል የሚቀር ይሻላል። ሪሞናባንት ለክብደት ቅነሳ ወጥቶ አንጎል ውስጥ በሠራው ሥራ የመንፈስ ጭንቀት አስከትሎ እ.ኤ.አ. በ2008 በአውሮፓ ሽያጩ ታግዷል። አልፋ ቅርጹ የጠፋባቸው አይጦች ስኳርን በተሻለ ይቆጣጠራሉ፣ ቤታው የጠፋባቸው ደግሞ በጽንስ ይሞታሉ፤ ስለዚህ የሜታቦሊዝሙ ፕሮግራም አልፋን መርጦ ቢሄድ ምክንያት አለው። አሁን ያለው ውህድዎ በፓምፑ ከአንጎል የሚከለከል ከሆነ ለዚያኛው መንገድ መነሻ ሊሆን ይችላል፤ ለአንጎሉ ግን ሌላ ተከታታይ ይክፈቱ።

በሜታቦሊዝም ጥሩ የሠራ መድኃኒት አንጎልን ያድናል የሚለው ግምትም ብርቱ ፈተና ገጥሞታል። የስኳር በሽታ መድኃኒቱ ሴማግሉታይድ በመጀመሪያ ደረጃ አልዛይመር ላይ እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2025 በተነገረው ውጤት የበሽታውን ጉዞ አላዘገየም፤ ሌላው የስኳር በሽታ መድኃኒት ኤክሰናታይድም በዚያው ዓመት በታተመው ሦስተኛ ምዕራፍ ሙከራ ፓርኪንሰንን አላዘገየም። የጂኤስኬ-3 ገቺ የሆነው ቲዴግሉሲብም 306 የአልዛይመር ሕመምተኞች በተሳተፉበት፣ እ.ኤ.አ. በ2015 በታተመ ሙከራ ግቡን አልመታም። ቬሩቤሴስታት የተባለው የሙከራ መድኃኒት ደግሞ በአልዛይመር አንጎል ውስጥ የሚከማቸውን አሚሎይድ ቤታን በአንጎል-ሰረሰር ፈሳሽ ውስጥ በግልጽ ቀንሶ ሳለ ሕመምተኞቹን አልረዳም።

ይህን ሁሉ የምዘረዝረው ዒላማውን ይተዉት ለማለት አይደለም። አሁን በእጅዎ ያለው ውጤት ስለ ዒላማው ምንም አይናገርም፤ 3.5 በመቶ ተይዞ ሐሳቡ ተፈተነ አይባልም። ነጻው የአንጎል ክምችት ከሴሉ አይሲ50 በላይ ለ8 ሰዓት ቆይቶ፣ ሲአርኤምፒ2 በግማሽ ወርዶ፣ የአይጦቹ ሙቀት ተጠብቆ፣ ታው ያኔም ካልወረደ ዒላማውን ለመተው በቂ ምክንያት አለዎት። ለዚያ ሙከራ የሚጠቀሙበት ውህድ አዲስ ተሠርቶ ንጽሕናው ከ95 በመቶ በላይ ይሁን፣ ከሥራው ሂደት የሚቀረው የፓላዲየም ብረት ቅሪትም ይለካ፤ የክሪስታል ቅርጹ ከቀድሞው ከተለየ ደግሞ የፕላዝማውን ክምችት ዳግም ሳይለኩ በቀድሞው ዶዝ አይጀምሩ።